ጌም ከ35 ዓመት በኋላ፦ ምን ይለወጣል፣ ምኑስ ይስተካከላል?

1 | ሁለተኛ_ግማሽ

ሰላም ለቤቱ። እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመላለሳል። አንዱ «የ15 ዓመት ልጅ 5 ለ 0 አሰናበተኝ፣ አረጀሁ ማለት ነው?» ይላል። ሌላው የተወራለት ጌም ገዝቶ ሁለት ቀን ሳይሞላው እንደሚተወው ይጽፋል። ሌላው ደግሞ ከድሮው የኳስ ጌም ከዊኒንግ ውጪ የሚጥመኝ የለም ብሎ ይደመድማል። እዚህም እዚያም ከሚበተን አንድ ቦታ እንሰብስበው። የሕይወት ታሪክ ይቅርብን፤ ምን እንደሚለወጥ፣ ለምን እንደሚለወጥና ምን ማድረግ እንደሚቻል ጻፉ።

እኔ ልጀምር። ቀድሞ የሚለወጠው የጊዜው አቆራረጥ ነው። ተማሪ ቅዳሜን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው በሳምንት ሰባት ሰዓት ቢያገኝ እንኳ በ20 እና በ40 ደቂቃ የተቆራረሰ ነው፤ እሱም በስልክና በበር ደወል ይቋረጣል። ስለዚህ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ግራፊክሱ ሳይሆን ስለነዚህ ጠይቁ፦ በማንኛውም ሰከንድ ፓውዝ ይደረጋል? በየትኛውም ቦታ ሴቭ ያደርጋል? ትንሹ የተሟላ ክፍል ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

ሃዴስ አንድ ዙሩ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው፤ መሀል ላይ ብትወጡም ከገባችሁበት ክፍል መጀመሪያ ያስቀጥላችኋል። ስሌይ ዘ ስፓየርም እንዲሁ ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ድንቅ ነው፣ ግን ሚሽን ውስጥ ሳላችሁ ራሳችሁ ሴቭ ማድረግ አትችሉም፣ ሚሽኖቹም ረጃጅም ናቸው። ኤልደን ሪንግ ፓውዝ የለውም ይባላል፤ ግን ከቦስ (ከዋናው ጠላት) ጋር እየተፋለማችሁ ካልሆነ ከሜኑው «ጌሙን ልቀቅ» ስትሉ የቆማችሁበትን ቦታ ይይዛል። ለአጭር ጊዜ ደግሞ ዕቃ ዝርዝሩን ከፍታችሁ በእርዳታ ቁልፉ «የሜኑ ማብራሪያ» የሚለውን ብታመጡ ዓለሙ ይቆማል። በቡድን ኦንላይን የሚጫወቱት ዶታ 2 ግን ምሕረት የለውም፦ ጨዋታው ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተቋረጣችሁ ጥሎ እንደሄደ ይቆጠርባችኋል፣ ሲደጋገም ደግሞ ዝቅተኛ ቅድሚያ ወደሚሰጠው ሰልፍ ትገባላችሁ። ልጅ ያለው ሰው ዶታ የሚተወው ስለሰለቸው ብቻ አይደለም።

2 | ኤል_ዋን

የሰዓቱን እቀበላለሁ፣ ግን ጣትን እንዲህ በቀላሉ አትለፈው። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ስታርክራፍት 2 የሚባለውን ፈጣን የስትራቴጂ ጌም የሚጫወቱ የ3,305 ሰዎችን የጨዋታ ቅጂ መርምረው ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 44 ነው። የለኩት ተጫዋቹ አዲስ የካርታ ክፍል ካየ በኋላ የመጀመሪያውን ትእዛዝ እስኪሰጥ የሚወስድበትን ጊዜ ነው። መዘግየቱ የሚጀምረው በ24 ዓመት አካባቢ ነው፤ በ40 ሳይሆን። ጥሩ ተጫዋች መሆንም ከዚህ አያድንም።

ከዚያው ጥናት የማይወራው ክፍል ግን ይበልጥ ይጠቅማል። በዕድሜ የገፉት ያንን መዘግየት በሌላ ያካክሱታል፦ ቀለል ያለ ስልት ይመርጣሉ፣ ጭንቅላታቸው ላይ የሚጫነውን ሥራ ለአቋራጭ ቁልፎችና ለጌሙ ራሱ ያስተላልፋሉ። ይህን ወደ ተግባር እንመንዝረው።

ኤፍሲ (የቀድሞው ፊፋ) ላይ ከልጆች ጋር በድሪብልና በሩጫ አትወዳደሩ። ከጨዋታው በፊት ታክቲኩን አስተካክሉ፦ የመስመር ተከላካዮቻችሁ ወደ ፊት እንዳይሄዱ አድርጉ፣ አንድ አማካይ ኋላ እንዲቀር እዘዙ፣ የተከላካይ መስመሩን ቁመት ዝቅ አድርጉ። ስትከላከሉ የመሀል ተከላካዩን ይዛችሁ ወደ ኳሱ አትሩጡ። አማካዩን ይዛችሁ የቅብብል መንገዱን ዝጉ። የ15 ዓመቱ ልጅ የሚያገባው አብዛኛው ጎል ከቦታው ከወጣ ተከላካይ ጀርባ ነው።

ካውንተር ስትራይክ ላይ ደግሞ ዒላማውን ሁልጊዜ በሰው ራስ ቁመት ያዙት፤ ጠላት ሲወጣ ማንቀሳቀስ ያለባችሁ ርቀት በጣም ያጥራል። ዶታ ላይ 5 ቁጥር ሆኖ ቡድኑን መደገፍ መሀል መስመሩን ከሚይዘው 2 ቁጥር ይልቅ ለዕውቀት ዋጋ ይሰጣል። ፍጥነት የሚጠይቀውን ቦታ ለሚችለው ልቀቁ።

3 | ጠጋኝ

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ግን «አረጀሁ» የሚለው ሰው ግማሹ ያረጀው ቲቪው ነው።

በሰከንድ በ60 ፍሬም (60 ምስል) አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ በ30 ፍሬም 33.3። አዲስ ትልቅ ቲቪ ለፊልም በተዘጋጀ የምስል ሞድ ላይ ሆኖ ምስሉን ሲያጣራና ሲያለሰልስ 100 ሚሊ ሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። ያ ማለት ቁልፉን ጫንክ፣ ስድስት ፍሬም አለፈ፣ ከዚያ ተጫዋቹ መታ። ጌም ቤት በነበረው አሮጌ ወፍራም ቲቪ ይህ መዘግየት አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰውዬው ቲቪውን ሲቀይር ዕድሜውም ጨምሯል፣ ጥፋቱን ለዕድሜው ይሰጣል።

ማስተካከያው ነፃ ነው። ጌም ሞድ አብሩ። ሳምሰንግ ላይ ብዙ ጊዜ በጄኔራል ስር የውጭ መሣሪያ ማስተዳደሪያ ውስጥ ነው፤ ኤልጂ ላይ ከምስል ሞዶቹ አንዱ ነው። ጌም ሞድ የሌለው ርካሽ ቲቪ ከሆነ «ሞሽን»፣ «ኖይዝ ሪዳክሽን»፣ «ዳይናሚክ ኮንትራስት» የሚሉትን ሁሉ አጥፉ። የኤችዲኤምአይ መግቢያውን ስም «ፒሲ» ብሎ መሰየምም አንዳንድ ቲቪ ላይ ማጣራቱን ያስቆማል። ምስሉ ትንሽ የሻከረ ይመስላል፤ ይልመዳችሁ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጆይስቲኩ ነው። ፕሌይስቴሽን 4ና 5 ላይ ያለው ስቲክ በፖተንሺዮሜትር ነው የሚሠራው፤ ካርቦኑ እየተላጠ ሲሄድ መሀሉን ይስታል። ብዙ ሰው ይህን ለመደበቅ የሞተውን ክልል፣ ማለትም «ዴድ ዞን» የሚባለውን ያሰፋል፣ ከዚያ ስቲኩ እጁን ዘግይቶ ይሰማል። ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ጆይስቲክ መፈተሻ ገጽ ክፈቱ። ሳትነኩት ቁጥሩ ከ0.10 በላይ ከቆመ ወይም ከዘለለ አልቆለታል።

መጀመሪያ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ሞክሩ፦ ባትሪውን ንቀሉ፣ በስቲኩ ጎን ባሉት ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጉ፣ ስቲኩን ደጋግማችሁ አዙሩ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሽቶና የቤት አልኮል አታድርጉ፤ ውሃና ዘይት ስላለበት ያባብሰዋል። ጽዳቱ ሁለት ሳምንት ብቻ ከቆየ ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው። ሞጁሉን መቀየር 14 ነጥብ መንቀልና መበየድ ይጠይቃል። የምትቀይሩት ካልቀረ በማግኔት የሚሠራውን «ሆል» የሚባለውን አስገቡ፣ አይፋተግም። ከተበየደ በኋላ ካሊብሬት ማድረግ (መሀሉን እንደገና ማስተካከል) የግድ ነው፤ ያለሱ መሀሉ አይገጥምም።

4 | ዊኒንግ_አስር

ጠጋኝ እጅህ ይባረክ። እኔ ደግሞ ወደ ቁልፉ ልምጣ፤ «ኤፍሲ አልዋጥልህ አለኝ» ለሚለው ሁሉ።

በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ዊኒንግ ላይ ያደገ ሰው በአራት ማዕዘን ይመታል፣ በክብ ያሻግራል። ኤፍሲ ሲከፈት የተገላቢጦሽ ነው፦ ክብ መምቻ፣ አራት ማዕዘን ማሻገሪያ። ጎል ፊት ደርሶ ኳሱን ወደ ሰማይ የሚያሻግረው ሰውዬ ጣቱ ከአእምሮው ቀድሞ የለመደውን እያደረገ ነው። ከቁልፍ ሴቲንጉ ውስጥ «ክላሲክ» የሚለውን ወደ «አልተርኔት» ቀይሩ፣ አለቀ። ይህን ሳያውቁ ስንት ሰዎች ጌሙን ሸጡ!

ያንኑ የድሮውን የሚፈልግም አለ፣ አያሳፍርም። ዊኒንግ ኢለቨን 10 በአውሮፓ ፔስ 6 ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ነው። ፕሌይስቴሽን 2ን አዲስ ቲቪ ላይ በቢጫና ቀይ ኬብል ከሰካችሁት ጭጋግ ነው የሚታየው። ከፒኤስ2 ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ትንሽ ቁራጭ ሰክታችሁ ምስሉ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ከመጣ አልተበላሸም፦ ጌሙን ሳታስገቡ ፒኤስ2ን አብሩ፣ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ግቡ፣ «ኮምፖነንት ቪዲዮ አውት» የሚለውን ከአርጂቢ ወደ ሌላኛው ምርጫ አዙሩ። ለመምረጥ እንዲታያችሁ መጀመሪያ በቢጫው ኬብል አድርጉት።

ላፕቶፕ ያለው ሰው የፒኤስ2 ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬደውን ፒሲኤስኤክስ2 ይጫን። ባዮሱን (የማሽኑን መነሻ ሶፍትዌር) ከራሳችሁ ፒኤስ2 ማውጣት አለባችሁ። የውስጥ ጥራቱን በ3 እጥፍ ብታደርጉት ወደ 1080 ይጠጋል። ደካማ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ግን በ2 እጥፍ ቁሙ፤ ፍጥነቱ ከ100 በመቶ ሲወርድ ድምፁ መንተባተብ ይጀምራል።

5 | ኤል_ዋን

«አያሳፍርም» ላይ አንድ ነገር ብቻ። ወደ ፔስ 6 መመለስ ጥሩ ነው፣ ግን የናፈቃችሁ ጌሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጌም ቤት ውስጥ በጨዋታ ስለሚከፈል፣ ተሸናፊው ከፍሎ ስለሚነሳና ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ስለነበረ እያንዳንዱ ጎል ዋጋ ነበረው። ያው ጌም ሳሎን ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር ሲሆን በሦስት ቀን ይሰለቻል። ሁለት ጆይስቲክና አንድ ሰው ፈልጉ።

6 | መነፅር

ስለ ዓይን ማንም አላነሳም።

ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ የዓይን ሌንስ መተጣጠፉን እያጣ ይመጣል፣ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዛል። የሚገርመው ቲቪ ላይ ለሚጫወት ሰው ይህ ብዙም አይሰማውም፤ ሁለት ሜትር «ቅርብ» አይደለምና። የሚቸገረው በስልክ ወይም እንደ ስዊችና ስቲም ዴክ ባሉ በእጅ በሚያዙ ማሽኖች የሚጫወተው ነው። ብዙዎች ደግሞ ጊዜ ሲያጥራቸው ልክ በዚያው ዕድሜ ወደ እነዚህ ይዞራሉ። በ40 ሴንቲ ሜትር ለማንበብ የሚሆን መነፅር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ከ+1.00 እስከ +1.50 ነው፤ ግን ተመርመሩ፣ ከመንገድ ዳር አታንሱ። ያንኑ መነፅር አድርጋችሁ ቲቪ ብታዩ ቲቪው ይደበዝዛል፤ ብልሽት አይደለም።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ብሌኑ ይጠባል፣ ሌንሱም ብርሃን ይውጣል። ጨለማ የሚበዛበት ጌም ላይ ልጁ የሚያየውን ጭራቅ አባት የማያየው ለዚህ ነው። ጌሙ ሲጀምር «ምልክቱ በጭንቅ እስኪታይ አስተካክሉ» የሚለውን ብርሃን ማስተካከያ ከተባለው ሁለት ሦስት ነጥብ አስበልጡት። ለጥንቃቄ ጀርባው ያልጨለመ ክፍል ውስጥ ተጫወቱ።

ጽሑፍ፦ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ያለው የጽሑፍ ማሳደጊያ የሲስተሙን ሜኑ እንጂ ጌሙን አይነካም። የጌሙን ሰብታይትል በየጌሙ ሴቲንግ ውስጥ አሳድጉ፣ ጥቁር ጀርባም ጨምሩለት። 32 ኢንች ቲቪ ላይ ሦስት ሜትር ርቆ ተቀምጦ የሚናበብ አዲስ ጌም እምብዛም የለም፤ ያ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም፣ ወንበሩን ማስጠጋት ነው።

ማቅለሽለሽ፦ በባለታሪኩ ዓይን የሚታዩ ጌሞች ላይ ራስ ማዞር ከጀመረ በዚህ ቅደም ተከተል አጥፉ፦ ሞሽን ብለር፣ የካሜራ መንቀጥቀጥ፣ ሲራመድ ራስ የሚወዛወዝበትን። ከዚያ የእይታ ስፋቱን ወደ 90 እና ከዚያ በላይ ከፍ አድርጉ። ፍሬሙ ከ60 በታች የሚዋዥቅ ከሆነ ጥራቱን ቀንሱ። ሲጀምራችሁ ወዲያው አቁሙ፤ «ይለፍልኛል» ብሎ መግፋት ማግስቱንም ያበላሻል።

7 | ተራ_በተራ

ሰዓት፣ ጣት፣ ቲቪ፣ ዓይን ተባለ። ፍላጎቱስ?

የተጫዋቾችን ዝንባሌ የሚያጠናው ኳንቲክ ፋውንድሪ ካወጣቸው ውጤቶች ውስጥ ግልጽ የሆነው ይህ ነው፦ ከዕድሜ ጋር በፍጥነት የሚወርደው የመፎካከር ፍላጎት ነው፣ በወንዶች ላይ በተለይ። ብዙም የማይነቃነቀው ደግሞ የስትራቴጂ፣ የማሰብና የማቀድ ፍላጎት ነው። ስለዚህ የ40 ዓመት ሰው ወደ ሲቪላይዜሽን፣ ወደ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ፣ ወደ ፉትቦል ማናጀር ሲሄድ ያልነበረውን ሰው እየሆነ አይደለም፤ ሌላው ሲቀንስ ያ ስለቀረ ጎልቶ ታየ።

ከስፖርት ጌም ለሚሸጋገር ፉትቦል ማናጀርን አስቀድማለሁ፤ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይነሳል፣ በየትኛውም ቀን ሴቭ ይደረጋል፣ መብራት ቢሄድም ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ጀማሪ የሚሳሳተው 20 ሊግ ጭኖ መጀመሩ ነው። ከዚያ «ቀጥል» ባለ ቁጥር ደቂቃ ይጠብቃል፣ ይማረራል። ሦስት ሊግ ብቻ ጫኑ፦ የምትመሩበትን አገር ሁለት ደረጃዎችና ተጫዋች የምትሸጡበትን አንድ ትልቅ ሊግ። ዳታቤዙን «ትንሽ» አድርጉ። ጨዋታውን ሲያሳይ «ቁልፍ ክስተቶች ብቻ» የሚለውን ምረጡ፣ አንድ ግጥሚያ ወደ አምስት ደቂቃ ይወርዳል። ሥልጠናውን ለምክትሉ ስጡ። ሜዳ ላይ ያለውን ሥልትና ዝውውሩን ብቻ ራሳችሁ ያዙ፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው።

8 | ሁለተኛ_ግማሽ

ጥሩ መጣልን። @ጠጋኝ መብራቱን አንሳልን እንጂ። ከላይ «ያቆማችሁበትን ይይዛል» ያልኩት ሁሉ መብራት እስካለ ነው። ሰው በ30 ደቂቃው ውስጥ መብራት ሄዶበት ያለፈው ሁሉ ሲጠፋ በቃኝ ይላል። ይህ ጣዕም ተለወጠ የሚባለው ውስጥ አይገባም?

9 | ጠጋኝ

ይገባል እንጂ። ከፋፍለን እንየው።

ፕሌይስቴሽን 4ና 5 ላይ «ሬስት ሞድ» ጌሙን በሜሞሪ ይዞ ይተኛል። መብራት ከሄደ የያዘው ይጠፋል፤ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ከነበረ ደግሞ ፋይል ይጎዳል። እዚህ አገር ያለ ሰው ሬስት ሞድን ይርሳው፦ ሴቭ፣ ጌሙን ዝጋ፣ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፋ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስና ኤክስ ላይ ያለው «ኩዊክ ሪዚዩም» ግን የጌሙን ሁኔታ ኤስኤስዲው ላይ ስለሚጽፍ ገመዱ ቢነቀል እንኳ ይመለሳል። ኦንላይን ጌም ላይ አይሠራም። በዚህ አንድ ነገር ብቻ መብራት ለሚቋረጥበት ሰው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ይሻላል ብል አትቆጡኝ።

በድንገት ጠፍቶ የተበላሸ ፕሌይስቴሽን 4፦ ማብሪያውን ተጭናችሁ ሁለተኛው ጢት እስኪል ያዙ፣ ሰባት ሰከንድ ገደማ ነው። ሴፍ ሞድ ይገባል። ጆይስቲኩን በገመድ ሰኩ፣ 5 ቁጥርን ምረጡ፤ ዳታቤዙን ብቻ ነው የሚያድሰው፣ ሴቭ አይነካም። 6 እና 7ን አትንኩ፣ ሁሉን ጠርገው ነው የሚያስጀምሩት።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ)፦ 650 ቪኤ የሚባለው በዋት ሲታይ 360 አካባቢ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት ገደማ ይስባል፣ 43 ኢንች ቲቪ 70 ብትሉ ድምሩ 270 ነው። ይችለዋል፣ ግን ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 10 ደቂቃ አይሞላም። ዓላማው መጫወት አይደለም፣ ሴቭ አድርጎ ማጥፋት ነው። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት ይሞታል። ርካሹ ዩፒኤስ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ አንዳንድ የኮንሶል ፓወር ሳፕላይ ሲቀያየር ይጠፋል፤ «ፒዩር ሳይን» የሚለው አስተማማኝ ነው።

ማሽኑን የሚገድለው ግን መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ ሦስት ደቂቃ ያህል አዘግይቶ የሚለቀውን መከላከያ ግድግዳው ላይ ሰኩ፣ ኮንሶሉን ከዚያ አስከትሉ።

10 | ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከውጭ ላለነው አንድ ነገር ልጨምር። ከአገር ቤት ጓደኛ ጋር እንጫወት ሲባል ሁሉም ወዲያው ወደ ኤፍሲ ኦንላይን ይሄዳል፣ ሁለት ቀን ይሞከራል፣ ይተዋል። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ ደርሶ መልስ ለብቻው 115 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥታ አይሄድም፣ በመሀል ስንት ራውተር አለ። ምንም ዓይነት የኢንተርኔት ጥቅል ብትገዙ ይህን አያሳጥረውም።

ሰዓቱም አለ። አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት ሲል ዋሽንግተን በበጋ ቀን 8 ሰዓት፣ በክረምት ቀን 7 ሰዓት ነው (የፈረንጆቹን በጋና ክረምት ማለቴ ነው)፤ የሥራ ሰዓት። ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ቢበዛ በአንድ ሰዓት ነው የሚለየው፣ ርቀቱም ቅርብ ነው፣ ስለዚህ እነሱ ይሞክሩት።

ለእኛ የሚሠራው ሁለቱም አንድ ላይ መገኘት የማይጠበቅባቸው ናቸው። ሲቪላይዜሽን 6 «ፕሌይ ባይ ክላውድ» አለው፦ ተራህን ትጫወታለህ፣ ፋይሉ ወደ ደመናው ይሄዳል፣ የሌላው ተራ ሲደርስ ማስታወቂያ ይመጣለታል። አራት ሰው ሆናችሁ ትንሽ ካርታ ምረጡ፣ ትልቅ ካርታ ላይ ዓመትም አይበቃ። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ለአንድ የቼዝ እንቅስቃሴ ከ1 እስከ 14 ቀን መስጠት ይቻላል፤ 2 ቀን ልኩ ነው። ከ3 በላይ ከሆነ ሰዉ ጨዋታውን ይረሳዋል።

ስጦታ ለምትልኩ፦ የፕሌይስቴሽን ካርድ የሚሠራው አካውንቱ በተከፈተበት አገር ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ስለሌለች እዚያ ያለው ሰው አካውንቱን በአሜሪካ ይሁን በእንግሊዝ ወይም በሌላ እንደከፈተው መጀመሪያ ጠይቁ። ሲዲም ስትልኩ እንዲሁ፤ የአውሮፓ ሲዲ ላይ በአሜሪካ አካውንት የተገዛ ተጨማሪ ይዘት አይገጥምም።

11 | የሁለት_እናት

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ወንድሞቼ፣ ጌም ማለት ኳስ ብቻ አይደለም፣ ተጫዋችም ሁልጊዜ ብቻውን አይቀመጥም። ከ35 በኋላ ትልቁ ለውጥ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ነው፦ የሰፈር ልጅ የነበረው አሁን የራስህ ልጅ ነው። ያ ምርጫውን ሁሉ ይቀይራል።

ጌም ላይ የሚታተሙት የፔጊ (የአውሮፓ የዕድሜ ደረጃ) ቁጥሮች 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ናቸው፤ የሚነግሩህ ይዘቱን እንጂ ክብደቱን አይደለም። የ6 ዓመት ልጅ 3 የተጻፈበትን የኳስ ጌም ማየት ይችላል፣ መጫወት ግን ላይችል ይችላል። ለዚህ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሁለት ጆይስቲክ እንደ አንድ የሚሠራበት «አሲስት» አለ፤ ኤክስቦክስ ላይ «ኮፓይለት» ይባላል። ልጁ ይሮጣል፣ ትልቁ ይመታል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ አያትም ይሆናል፣ ለዚያም ነው የተሠራው።

አብሮ ለመጫወት ኦቨርኩክድን አስቀድሙ፤ አንዱ ደረጃ አራት ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ «አንድ ብቻ» የሚለው ልመና አያስለቅስም። ኢት ቴክስ ቱ ከ12 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ወይም ለባልና ሚስት ነው፤ ያለ ሁለት ሰው ጭራሽ አይሠራም።

የልጁን አካውንት ለብቻው ክፈቱ፣ የራሳችሁን አትስጡት። በቤተሰብ ቁጥጥሩ ውስጥ የወጪ ጣሪያውን 0 አድርጉ። የጨዋታ ሰዓት ሲያልቅ «አሳውቅ» እና «አስወጣ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ በ«አሳውቅ» ጀምሩ። መሀል ጨዋታ ላይ ማስወጣት ያልተቀመጠውን ስለሚያጠፋ ጠቡን ነው የሚያበዛው።

12 | ኤል_ዋን

እህቴ ልክ ነሽ፣ ኳሱ በዝቶብን ነበር። ስለ ወጪው ግን ለትልልቆቹም ልናገር። በኤፍሲ ውስጥ ተጫዋቾችን በካርድ እየሰበሰቡ ቡድን የሚሠሩበት አልቲሜት ቲም ላይ የሚገዛው የካርድ እሽግ ውስጡ ሳይታይ የሚከፈልበት ነው። የቤልጅየም ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን እንደ ቁማር ቆጥረውት ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር እሽጉ የሚገዛበትን ነጥብ መሸጥ አቁሟል። የሚከፈለው በጊዜ ምትክ ነው፦ ተማሪው በሰዓት የሚሰበስበውን ደሞዝተኛው በገንዘብ ያሳጥረዋል። ያ ሁሉ ቡድን ደግሞ በየመስከረሙ አዲሱ ሲወጣ ከዜሮ ይጀምራል። በሳምንት ከአምስት ሰዓት በታች የምትጫወቱ ከሆነ «ካሪየር»ን ምረጡ፤ ግማሹን 6 ደቂቃ አድርጉ፣ የጨዋታ ፍጥነቱን «ስሎው» አድርጉ፣ አስቸጋሪነቱን ከለመዳችሁት አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ሲዘገይ ማሰቢያ ጊዜ ትገዛላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ግን አይቀልም።

13 | ኬላ_44

ጥሩ ክር ነው። አውራ ጣቴ ሥር፣ ወደ አንጓው በኩል የሚወጋ ሕመም ላለበት ምን ትላላችሁ?

14 | መነፅር

እሱ የዓይን አይደለም ግን የሚታወቀውን ልበል። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች አንጓው ላይ በጠባብ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ፤ ሽፋኑ ሲያብጥ ይወጋል። ሥራው ተደጋጋሚ መጫን ስለሆነ መጫኑን ቀንሱ። ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ከሚያስጫኑ ጌሞች ብዙዎቹ «ተጭኖ መያዝ» ወደሚለው የሚቀየር አማራጭ አላቸው፤ ሩጫውንም ከ«መያዝ» ወደ «አንዴ መንካት» አዙሩ። ፕሌይስቴሽን ላይ በአክሰሲቢሊቲ ስር ቁልፎችን ለሁሉም ጌም በአንዴ መለዋወጥ ይቻላል፣ የሚታመመውን ጣት ሥራ ወደ ሌላው አሸጋግሩ። በ30 ደቂቃ አንዴ አስቀምጡት። በሁለት ሦስት ሳምንት ካልቀለለ ወይም ጠዋት ጣቱ ከደረቀ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ስትጫወት አስረኸው አትግፋ።

15 | ዊኒንግ_አስር

@ሲልቨር_ስፕሪንግ አሜሪካ ያለ ዘመድ አሮጌውን ወፍራሙን ፒኤስ2 ልላክልህ ቢል? ፕሌይስቴሽን 4 ከዚያ መጥቶ ያለ ምንም ትራንስፎርመር እንደሚሠራ አውቃለሁ።

16 | ጠጋኝ

እኔ ልመልስ፣ በየጊዜው ተቃጥሎ ስለሚመጣ። ፕሌይስቴሽን 4ና 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፣ ቀጥታ ሰካው። የአሜሪካው ወፍራም ፒኤስ2 ግን ከጀርባው 120 ቮልት ብቻ ነው የተጻፈበት፤ 220 ላይ ከሰካኸው ፓወር ሳፕላዩ ይፈነዳል። የኤክስቦክስ 360 የአሜሪካ ፓወርም እንዲሁ ነው። ለፒኤስ2ው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢያንስ 100 ዋት የሆነ ግዛ፣ ሁለት ፒን ያለውን ትንሹን የጉዞ መቀየሪያ አትመነው። ሌላም አለ፦ የአሜሪካው ማሽን የአውሮፓን ሲዲ አያነብም። ሲዲዎቹም አብረው ይላኩልህ፣ አለዚያ መርካቶ ብትዞር የምታገኘው አይገጥምም።